ሽማግሌ ሲጠብቁ የኖሩት የወይዘሮ ሥርጉት ይስማው ዜና ሕይወት

ከኩታበር፣ ከኮምቦልቻ፣ ከዚሁ ከደሴና ከባሕር ማዶም የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። አፈር ከመመለሱ በፊት ስለ እትዬ ሥርጉት አኗኗር ጥቂት እንዲነበብ ወንድማቸው አቶ አግማስ ይስማው አዝዘውናልና፣ ግድግዳ ተጋርተን የኖርነው ጎረቤቶቻቸው በዓይናችን ያየነውንና ከአፋቸው የሰማነውን ጽፈን ቀርበናል። አጻጻፉ የተማረ ሰው አጻጻፍ ባይሆንም ያልሆነ ነገር አልገባበትም።

ወይዘሮ ሥርጉት ከአባታቸው ከአቶ ይስማው ገብረ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትጓደድ አምባዬ በኩታበር ወረዳ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ልጅ ሲጠየቅም ሲሰጥም ከፊት የሚቀመጡ የአገር ሽማግሌ ስለነበሩ፣ ሌላው ልጅ ተረት ሲሰማ እሳቸው ከበር ኋላ ተለጥፈው የሽማግሌ ክርክር እየሰሙ አደጉ። ከአጥቢያቸው ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው መልእክተ ዮሐንስ ከደረሱ በኋላ ግን ትምህርቱ በዚያው ተቋረጠ፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው ተጠይቀው ነበርና።

ጋብቻቸው የዚያ ዘመን ጋብቻ ነው፤ ጠያቂውም ወንድ፣ መላሹም ወንድ፣ ልጅቱን የጠየቃት የለም። የአቶ ወንድምአገኘሁ ወገኖች መጀመሪያ ሲመጡ አባታቸው «ዘመድ ሳላማክር» ብለው መለሱ፤ ዳግመኛ ሲመጡ «እናቷን አሟታል» ብለው መለሱ፤ ሦስተኛ ሲመጡ ሰጡ። መመለሱ እንቢታ እንዳይደለ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ባንድ ቃል እሺ የተባለባት ልጅ ቤቱ የሰለቻት ትመስላለች፣ ባሏም በቀላሉ ያገኛትን በቀላሉ ይጥላታል። እትዬ ሥርጉት ይህን ታሪካቸውን ከጥሎሽ ወርቅ አስበልጠው ነበር የሚያወሩት። አንዷ የሰፈር ልጅ በስልክ ተዋውቃ አገባች በተባለ ቁጥር «እኔ ባሌን ያየሁት የሠርጌ ዕለት ነው፤ እሱንም በሻሽ ቀዳዳ። ነገር ግን በእኔ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተመልሷል» ይሉን ነበር።

አቶ ወንድምአገኘሁ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ያሽከረክሩ ስለነበር ባልና ሚስቱ ደሴ ገብተው ቤት ሠሩ። ቤቱ ተሠራ እንጂ ልጅ ዘገየ፤ የባላቸው ወገኖች «ሌላ አግባ፣ መካን ታቅፈህ አትሙት» ሲሏቸው፣ አቶ ወንድምአገኘሁ «ለእሷ ሽማግሌዎቼ ሦስት ጊዜ ዳገት ወጥተዋል፤ አሁን ጉልበታቸው አልቋል» እያሉ በቀልድ ይመልሷቸው ነበር። ከብዙ ስለት በኋላ በ1980 ዓ.ም. አንዲት ልጃቸው ጽናት ተወለደች። አባቷ ግን ፊደል እንኳ ሳትለይ በጉበት ሕመም አረፉ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ሥርጉት ፒያሳ ከአንድ ልብስ ሰፊ አጠገብ የክርና የቁልፍ ሱቅ ከፈቱ። ላግባሽ ያላቸው ነበር፣ አንድ ሁለቱን እኛም እናውቃቸዋለን፤ እሳቸው ግን «በልጄ ላይ የእንጀራ አባት አላመጣም» ብለው በዚያችው እጅ ቢዘረጉ ግድግዳ በምትነካ ሱቅ ልጃቸውን ለዩኒቨርሲቲ አበቁ።

ጽናት ትምህርቷን ጨርሳ ኮምቦልቻ ከአንድ የልብስ ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ተቀጠረች፤ እዚያው ክፍል ተከራይታ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እናቷ ትወጣ ነበር። እትዬ ሥርጉት የቅዳሜዋን ሚኒባስ ድምፅ ከሌላው ሚኒባስ ለይተው የሚያውቁ ይመስል፣ ልጅቷ ከመድረሷ በፊት በሩን ከፍተው ይቆሙ ነበር። ልጅቷ ሠላሳ ሲሞላት ሰው «የጽናትን ሠርግ መቼ ነው የምንበላው?» ማለት ጀመረ፤ እሳቸውም «ሽማግሌ በሰዓቱ ይመጣል» ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጽናት ብቻዋን አልመጣችም። አብሯት የመጣው ኦቢዮራ የሚባል፣ ናይጄሪያ ከተባለው አገር፣ ከዚያም ኢግቦ ከሚባለው ሕዝብ የተወለደ፣ የፋብሪካውን ማሽን የሚጠግን ሰው ነበር። «የሥራ ባልደረባዬ ነው» አለች። ዝናብ ይዘንብ ነበርና ጃንጥላው በሙሉ በእሷ ራስ ላይ፣ እሱ ግን እስከ ካልሲው በስብሶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ባልደረባ አይተን አናውቅም ተባባልን። ወሬው ከግቢ ግቢ ሲዞር አንዷ «ዘሩን ማን ይቆጥርላታል?» አለች፤ ይህም እትዬ ሥርጉት ጆሮ ገባ። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁን አስቀምጠው በጽናት አስተርጓሚነት አባቶቹን ጠየቁት። ልጁ ምንም ሳይገረም፣ እንዲያውም ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ በጣቶቹ ይቆጥር ጀመር። በእነሱ አገር አንድ አባት ያላቸው ቤቶች ሁሉ እንደ አንድ ቤት ተሰብስበው ነው የሚዳሩትና የሚድሩት ብሎም አስረዳ። ከሰባት ሲያልፍ እትዬ ሥርጉት እጃቸውን አነሡ፤ «ይበቃል ልጄ፣ ከእኛ ጋር አትገናኝም» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የእኛ ጎረምሶች ከአያታቸው ወዲያ ማን እንዳለ የማያውቁ ናቸውና፣ እትዬ ሥርጉት ያን ቀን ልባቸው እንደ ተከፈተ አይተናል።

በጥር 2013 ዓ.ም. ሽማግሌ መጣ። ልጁ በዚህ አገር ወገን ስለሌለው፣ ቤት አከራዩ አቶ ዘካሪያ ከሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች ጋር አባት ሆነው ከኮምቦልቻ ወጡ። ከኩታበር የመጡት አቶ አግማስ ደግሞ በእህታቸው ወገን ተቀመጡ። ሠራተኞቹ አንድ ከረጢት ይዘው ነበር፤ ውስጡ ሁለት ጠርሙስ መጠጥና ኮላ የሚሉት መራራ ፍሬ አለበት። አቶ ዘካሪያ ገና ሳይቀመጡ «ወላሂ ከረጢቱን እኔ አልነካሁትም፤ አገሩ ያዘዘው ነው ብሎኝ ነው» ብለው አሳቁን። በኦቢዮራ አገር ልጅ ጠያቂ ያን ፍሬ ይዞ ይሄዳል፤ የልጅቱ ወገን ቆርሰው ከቀመሱት ነገሩ ተጀመረ፣ ሳይቆረስ ከተመለሰ ግን በሩ ተዘጋ፣ ያ ቤት ሁለተኛ አይንኳኳም። ይህን ያን ቀን እዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጽናት እንኳ አታውቅም።

አቶ አግማስ እንደ ደንቡ «ልጅቷ የእኛ ብቻ አይደለችም፣ ዘመድ አላት፤ እናማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ በሉ» አሉ። እትዬ ሥርጉት ደግሞ ቃል ሳይሰጥ የወንድ ወገን ዕቃ እቤት ማሳደር ካደጉበት ነውር ነውና፣ ከረጢቱን በገዛ እጃቸው አሥረው «በቀጠሮው ይዛችሁት ትመጣላችሁ» ብለው መለሱ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ የእትዬ ሥርጉት ፊት እንደ ሙሽራ ነበር። ለልጃቸው ያሰቡላትን ክብር ሰጥተዋት ነበርና።

በቀጠሮው እሑድ ጠጁ ተጠምቆ፣ ቤቱ ተለቅልቆ፣ ከእኛ ቤት ወንበር ተወስዶ ተጠበቀ። ሰው አልመጣም። በሚቀጥለውም እሑድ አልመጣም። እትዬ ሥርጉት አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰው እስከ ማታ ይቀመጡና፣ ሲመሽ አጥፈው ያስቀምጡት ነበር። ወንበሮቻችንን እንውሰድ ማለት አፍረን እስከ ፋሲካ መሬት ላይ ተቀመጥን።

ኮምቦልቻ የሆነውን በኋላ ሰማን። ፍሬው ሳይቆረስ መመለሱን ኦቢዮራ ለአባቱ በስልክ ሲነግር፣ አባትየው «እንግዲህ አበቃ» አሉ። አቶ ዘካሪያ «ልጄ፣ ይህ የወግ ነው፣ ሁለተኛ እንሂድ» ቢሉት፣ ጽናትም ብታስረዳው፣ ልጁስ ገብቶታል፤ አባቱ ግን «የተመለሰብንን ይዘን ሁለተኛ ደጅ አንጠናም፤ ከፈለጉን ይላኩብን» ብለው ቆረጡ። እሱ የበኩር ልጅ ነውና ያለ ወገኑ ብቻውን ሄዶ ቢጠይቅ በአገሩ ሚስት ሰረቀ ይባላል። ጽናት ቅዳሜ ወጥታ ለእናቷ ነገረቻቸው፤ ሲነጋገሩ በግድግዳው ተሰማን።

«እማዬ፣ እነሱ አይመጡም። እናንተ ሰው ላኩ።»

«ምን ብዬ? ልጄ ተርፋብኛለች፣ ኑ ውሰዱልኝ ብዬ?»

«ዘመኑ ተቀይሯል እኮ። ጓደኞቼ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው መጡ፣ ማንም ምንም አላላቸው።»

«ፈርመሽ መምጣት ትችያለሽ፣ አዋቂ ነሽ። ተጠይቀሽ መሄድ ግን የእኔ ነው። የሴት ወገን ልኮ አያውቅም።»

«እንግዲያ እኔ ከማን ወገን ነኝ?» አለች ጽናት። ከዚያ ቀን በኋላ ቅዳሜዎቹ እየሳሱ ሄዱ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ሲቃረብ ሰፈሩ በእግርም በመኪናም ሲወጣ፣ እትዬ ሥርጉት አልወጣም አሉ። «ዘግቼ ብሄድ ሰው ሲመጣ ማን ይከፍታል?» አሉን። ማን እንዲመጣ እንደሚጠብቁ ስለምናውቅ አልተከራከርናቸውም። እኛ ስንመለስ ቤታቸው ቆሞ፣ እሳቸው ግን በግማሽ ቀንሰው አገኘናቸው። ጽናትና ኦቢዮራ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ሸሽተው፣ እዚያ ተፈራርመው ወደ አገሩ መሄዳቸውን እትዬ ሥርጉት የሰሙት የስልክ መሥመር ከተመለሰ በኋላ ነው። ስልኩን ዘግተው ወደ ሱቃቸው ሄዱ፤ ያን ቀን የቁልፉን ካርቶን ሁሉ ዘርግፈው ቀለም በቀለም ሲለዩ ዋሉ።

የእትዬ ሥርጉት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ዝም ያሉ ዓመታት ናቸው። ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን። የሰፈራችን ልጅ ነፃነት ስትዳር ሽማግሌ የተላከው የሠርጉ ካርድ ከታተመ በኋላ ነበር፤ እትዬ ሥርጉት ተጠርተው፣ በልተው፣ መርቀው ተመለሱና «ወጡ ጥሩ ነው» ብቻ አሉ። «ጽናትንስ ዳርሻት?» ለሚላቸው ሁሉ «ነገሩ ተጀምሯል» ይሉ ነበር። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣም «ነገሩ ተጀምሯል» ነው። የሚያውቅ አይጠይቅም፤ የማያውቅ ሲጠይቅ እኛ መሬት መሬት እናይ ነበር። ማታ ማታ ሬዲዮናቸውን እንኳ አይከፍቱም፤ ጆሯቸው ስልኩ ላይ ነው። ስልኩ ሲጮህ ግን ቶሎ አያነሱትም፣ ሲጠብቁ የነበሩ እንዳይመስሉ።

ጽናት በስልክ የምትነግራቸው ስለ አየሩና ስለ ምግቡ ነበር። አንዲት ልጅ ወልዳ ኦቢዮራ አዳኦራ ብሎ ስም ካወጣላት በኋላ ግን የታመቀው ወጣ። ለካ እዚያም አልተዳረችም። ማዘጋጃ ቤት የፈረሙት ወረቀት ለመንግሥት ወረቀት ነው እንጂ ለኦቢዮራ ወገኖች ሚስት አያደርግም። የቤተ ዘመዱ ሚስቶች በወር አንድ ቀን ሲሰበሰቡ ጽናትን ይጠሯታል፣ ያበሏታል፣ ልጇን ያቅፉላታል፤ ነገር ሲመክሩ ግን ድምፅ የላትም፣ ስሟም «የኦቢዮራ እንግዳ» ነው። ወጣቶቹ «የድሮ ነገር ነው ተዪው» እያሉ ይስቃሉ፣ እነሱም እንደ እኛ ልጆች በአዳራሽ ነው የሚያገቡት። ሽማግሌዎቹ ግን «ማን ሰጠን? ሰጪ እስኪገኝ ሕፃኗም በእናቷ ቤት ትቆጠራለች» ብለዋል። ጽናት ይህን የተናገረችው እያለቀሰች ነው። እትዬ ሥርጉት «እንግዲያስ የጨዋ ልጆች ናቸው» አሉ። ለጥቀውም «ያለ ሰጪ አንወስድም ያለ ቤት ልጄን አያዋርዳትም። ያዋረድኳት እኔ ነኝ፣ በሁለት ቤት ደጅ ያቆምኳት» አሉ።

በማግስቱ ወንድማቸውን ከኩታበር አስጠሩ። አቶ አግማስ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ነገሩን ሰምተው ተቆጡ።

«አንቺ፣ ዕድሜ ልኬን ሽማግሌ ስሄድ የወንድ ወገን ሆኜ ነው። አሁን ከዘካሪያ ቤት ምን ብዬ ነው የምገባው?»

«ልጃችን ደጅ ቆማለች በል።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«ሰውማ ይላል። አንድ ቀን ሙሉ ይላል። እኔ ስንት ዓመት እንደተቀመጥኩ ታውቃለህ?» አሉ እትዬ ሥርጉት። አቶ አግማስ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ።

ሰውም አለ። «ሥርጉት ልጇን ታስለምናለች» ተባለ፣ በእኛው ግቢ ሳይቀር። እሳቸው ሰምተው «ለእኔ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የተመለሰልኝ ይበቃል፤ ከክብሬ ላይ ለልጄ ቆርሼ ሰጠኋት» ብለው ወሬኛውን አፉን አስያዙት። አቶ ዘካሪያ ደግሞ አቶ አግማስን በራቸው ላይ ሲያዩ መጀመሪያ የሞት መልእክት መስሏቸው ነበር። ነገሩን ሲሰሙ ቆመው ዱዓ አደረጉ፤ «አብሽር ወንድሜ፣ ይህን ያደረገች እናት ካለች እኔ ናይጄሪያ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ። ስልክ ተደውሎ፣ ጽናት እየተረጎመች፣ የኦቢዮራ አባት ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «አሮጊት እናት ከክብራቸው ወርደው ከላኩብን እኛ ዳገቱን እንወጣለን» አሉ። እሳቸው በዕድሜ መግፋት መንገድ ስለማይችሉ ታናሽ ወንድማቸውን ከኦቢዮራ፣ ከጽናትና ከሕፃኗ ጋር ሊልኩ፣ የ2018 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ቀጠሮ ተያዘ።

ያን ክረምት እትዬ ሥርጉትን ላየ ሰው የሚዳሩት እሳቸው ይመስሉ ነበር። ግድግዳቸውን አስቀቡ፣ የምንጣፍ ዋጋ ጠየቁ፣ ጽናት በስልክ ያስተማረቻቸውን የኢግቦ ሰላምታ በእኛ ላይ ተለማመዱ፤ በራቸውን ስናንኳኳ «ንኖ» ይሉናል፣ ደህና መጣችሁ ማለት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ግን ልባቸው ይደክም ነበር። ሐኪም ዳገት እንዳይወጡ ቢከለክላቸው «ደሴ ዳገት የሌለው የት ነው?» ብለው ሳቁ። ለልጃቸው እንዳንነግር አስማሉን፤ ሕመም ያለበት ቤት ልጅ ለመጠየቅ አይመችም ብለው። አልጋ ላይ ሆነውም ለአቶ አግማስ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «አደራህን፣ ደግመህ ዘመድ ላማክር እንዳትል።»

ሐሙስ ጥር 14 ቀን ጠዋት የእትዬ ሥርጉት በር አልተከፈተም። እንግዶቻቸው ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ጽናት ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ስትወርድ አቶ ዘካሪያ ጋቢ ይዘው ቆመው አገኘቻቸው፤ ጋቢውን ብቻ አለበሷት። ልትጠየቅ የመጣችበት ቤት ድንኳን ተተክሎበት ደረሰች።

ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል የኦቢዮራ አጎት በድንኳኑ መካከል ቆመው ተናገሩ፤ የሚተረጉም ሌላ ሰው የለምና ጽናት እራሷ እንባዋን እየጠረገች ተረጎመች። «እኛ አገር በአማት ቀብር የአማች ወገን የሚቆምበት የራሱ ቦታ አለው። ሳይሰጡን እዚያ ብንቆም ቀማኞች እንሆናለን፣ ከእንግዳ ጋር ብንቆም እኚህን እናት እንበድላለን። ልጅ ልንጠይቅ መጥተን የምንጠይቃቸውን አጣን። የት እንቁም?» አሉ። ሰው ሁሉ አቶ አግማስን አየ።

አቶ አግማስም ተነሥተው «አንድ ጊዜ መጥታችሁ መለስናችሁ። ይኸው ሁለተኛ መጣችሁ። ከእንግዲህ የምናማክረው ዘመድ የለንም» አሉ። ኦቢዮራንም እጁን ይዘው ከሣጥኑ ራስጌ ከጽናት ጎን አቆሙት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ ይህን ወረቀት ስንጨርስ ኦቢዮራን ምን ብለን እንደምንጽፈው ነገሩን።

በዚሁ መሠረት ወይዘሮ ሥርጉት ይስማው በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ ወንድማቸውን አቶ አግማስ ይስማውን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ጽናት ወንድምአገኘሁን፣ በዓይናቸው ያላዩዋትን የልጅ ልጃቸውን አዳኦራን፣ ከግድግዳው ማዶ ዝምታቸውን ስንሰማ የኖርነውን ጎረቤቶቻቸውን፣ እንዲሁም አማቻቸውን አቶ ኦቢዮራን ትተው አልፈዋል።

አምላካችን ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ እናቶች መካከል ያሳርፍልን፤ ብቻቸውን ያሳለፏቸውን ዓመታት በቅዱሳኑ ጉባኤ ይካስልን፤ የሰጧትን ልጅ ቤት ያጽናላት። አሜን።